የክላውድ አቅራቢዎ የገባውን ቃል እንዴት ይቆጣጠራሉ?

ድርጅትዎ መተግበሪያውን ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ ካስቀመጠ፣ አቅራቢው የአገልግሎት ደረጃ ስምምነት፣ በአጭሩ ኤስኤልኤ፣ አለው፤ አገልግሎቱ ከጊዜው ስንት በመቶውን እንደሚሠራ ቃል የሚገባበት ሰነድ ነው። ብዙ ሰው 99 ምናምን የሚለውን አይቶ ደስ ብሎት ያልፋል። ቁም ነገሩ ግን ከቁጥሩ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው።

መጀመሪያ ፐርሰንቱን ወደ ደቂቃ ይለውጡት። 30 ቀን ባለው ወር 99.9 በመቶ ማለት 43 ደቂቃ ቢቋረጥም ችግር የለውም ማለት ነው። 99.99 ሲሆን ወደ 4 ደቂቃ ይወርዳል።

ከዚያ ቁጥሩ ምን ሲሟላ እንደሚሠራ ያንብቡ። አማዞን ኢሲ2 ለሚባሉት የኪራይ ሰርቨሮቹ 99.99 የሚለው በአንድ ሪጅን (አካባቢ) ውስጥ ቢያንስ በሁለት ዞኖች፣ ማለትም በተለያዩ የዳታ ማዕከሎች፣ ላይ ሲያስቀምጧቸው ነው። ያኔም ቢሆን እንደ መቋረጥ የሚቆጠረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ከውጭ ግንኙነት ሲያጡ ነው። ለነጠላ ሰርቨር ቃሉ 99.5 ነው፤ በወር ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ካልኩሌተር ያውጡ። መተግበሪያዎ የሚሠራው ሰርቨሩ፣ ዳታቤዙና የፋይል ማከማቻው ሦስቱም ሲሠሩ ብቻ ከሆነ ፐርሰንቶቹ ይባዛሉ። 99.99፣ 99.95 እና 99.9 ሲባዙ 99.84 ገደማ ይመጣል። በወር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ያውም ማንም ቃሉን ሳያጥፍ! የራስዎ ኮድ ስህተት ገና አልተጨመረም። ስለዚህ ለደንበኞችዎ 99.9 ብለው አይፈርሙ። እኔ ብሆን ከ99.5 አላልፍም።

ልኬቱን ለአቅራቢው አይተዉ። የእሱ ገጽ አረንጓዴ እያሳየ ደንበኛዎ «ሲስተም የለም» ሊባል ይችላል። መግባትንና መክፈልን በየደቂቃው የሚሞክር መቆጣጠሪያ ሌላ አቅራቢ ጋ ይትከሉ። ቅጥ ያጣ መዘግየትንም እንደ መቋረጥ ይቁጠሩ። ሎጉን፣ ማለትም የሙከራውን መዝገብ፣ እንዳያጠፉ።

አቅራቢው ቃሉን ሲያጥፍም ካሳ ካልጠየቁ አይመጣም። አማዞን ዘንድ ጥያቄው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ባለው ሁለተኛ የክፍያ ዑደት መጨረሻ ድረስ መግባት አለበት፤ ቀንና ሰዓቱ፣ የሰርቨሮቹ መለያና ሎጉ ተያይዘው። የሚሰጠውም ከቀጣዩ ቢል ላይ የሚቀነስ ክሬዲት ነው። በሁለት ዞን ላይ ያለ ኢሲ2 ከ99.99 ወርዶ ከ99 ካላነሰ የወሩ ክፍያ 10 በመቶ ይታሰባል። የቀረብዎትን ሽያጭ የሚተካ የለም። ሥራዎ መቆምን ጨርሶ የማይችል ከሆነ፣ ብሩን በሁለተኛ ዞን ላይ ያውሉት።