ጽሑፉ ድርቅ ሲልብኝ ያስተካከልኩበት መንገድ

አፍተር ኢፌክትስ (የቪዲዮ አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም) ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ከታች ብቅ እያለ እንዲገባ ፈለግኩ። በቴክስት አኒሜተር (ፊደሎችን በሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) ፖዚሽኑን 80 ፒክስል ወደ ታች አወረድኩ፣ ኦፓሲቲውን (የመታየት መጠኑን) 0 አደረግኩ፣ የሬንጅ ሴሌክተሩን (ለውጡ የትኞቹ ፊደሎች ላይ እንደሚሠራ የሚመርጠውን) ስታርት ከ0 ወደ 100 አስኬድኩ። ይሠራል፤ ግን አንዱ ፊደል ቦታውን ሳይዝ ቀጣዩ አይነሳም። ድርቅ ብሎ ቀረ።

መፍትሔው የሬንጅ ሴሌክተሩ አድቫንስድ ውስጥ ነው። ሼፕ (የምርጫው ቅርጽ) የሚለውን ከስኩዌር ወደ ራምፕ አፕ ቀየርኩ። የስታርትን ኪፍሬሞች (በጊዜ መስመሩ ላይ ያስቀመጥኳቸውን የለውጥ ነጥቦች) አጥፍቼ 0 ላይ መለስኩት፤ ኤንድ 100 ላይ ይቆያል። አሁን የሚንቀሳቀሰው ምርጫውን በሙሉ የሚያንሸራትተው ኦፍሴት ብቻ ነው፣ ከ-100 እስከ 100።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስኩዌር ላይ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሰው አንድ ፊደል ብቻ ነው። ራምፕ አፕ ግን ምርጫውን እንደ ዳገት ያዘነብለዋል። «እ» ሊያርፍ ሲል «ን» መንገድ ላይ ነው፣ የመጨረሻው «ሁ» ገና እየተነሳ ነው። ኢዝ ሎውን (ማብቂያው ላይ ፍጥነቱን የሚያለዝበውን) 100 ሳደርገው ደግሞ የፊደሎቹ ማረፍ ልስልስ አለ፤ እኔ ይህችን በጣም ወድጃታለሁ።

ፊደላችን ለዚህ ይመቻል። «ኳ» ራሱ አንድ ካራክተር ስለሆነ ሳይበታተን ብድግ ይላል። ጽሑፉ ረጅም ከሆነ ግን እዚያው አድቫንስድ ውስጥ ቤዝድ ኦን የሚለውን ወርድስ (በቃል) አድርጉት፤ ፊደል በፊደል ዓይን ያደክማል።