የጁሪ መጥሪያ ቀን ካለፈብዎ ምን ያድርጉ? ፍርድ ቤት የሚቀበለውስ የትኛውን ምክንያት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የጁሪ መጥሪያ (ተራ ዜጎች ችሎት ተቀምጠው ፍርድ እንዲሰጡ የሚጠራ የፍርድ ቤት ደብዳቤ) ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ሳይከፈት መክረሙ የተለመደ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲገኝ አንዳንዱ ደንግጦ ዝም ይላል፣ ሌላው «ምን ያመጣሉ» ብሎ ይጥለዋል። ሁለቱም አያዋጡም። ፍርድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ደብዳቤ ይልካል፤ ለዚያም መልስ ካጣ፣ ለምን እንደቀሩ ዳኛ ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ ያዝዛል። የገንዘብ ቅጣቱም እስሩም የሚመጣው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ከዚያ በፊት መደወል ነው።

አስቀድመው ደብዳቤውን የላከው ማን እንደሆነ ይዩ። ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሆነ በቂ ምክንያት ያላቀረበ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ፣ እስከ 3 ቀን ሊታሰር ወይም የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊታዘዝበት ይችላል። ስቴቶችና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፦ ዲሲ እስከ 300 ዶላርና እስከ 7 ቀን እስር፣ ቨርጂኒያ ከ50 እስከ 200 ዶላር፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በተደጋጋሚ ለቀረ ሰው እስከ 1,500 ዶላር። አንድ ቀን በመቅረት ብቻ እስር ቤት የሚገባ ሰው ብዙም አይደለም። ዳኞችን የሚያስቆጣው መቅረቱ ሳይሆን ደጋግሞ ዝም ማለቱ ነው።

የመጣው ወረቀት መጠይቅ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ፌዴራል ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ለጁሪ ብቁ መሆንዎን የሚያጣራ ቅጽ ይልካል፤ በ10 ቀን ውስጥ ተሞልቶ መመለስ አለበት። መጥሪያ አይደለም ተብሎ ከተጣለ እሱም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ስልክ ሲደውሉ

ወረቀቱ ላይ የጁሪ ቢሮው ስልክና የእርስዎ የጁሪ ቁጥር አለ። ቁጥሩን ፊትዎ አድርገው ይደውሉና አጭር ይናገሩ፦ የተጠራሁበት ቀን አልፎብኛል፣ ሌላ ቀን ይሰጠኝ። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፤ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ቀን ይቀይራል እንጂ አይፈርድም። ዳኛ ፊት የመቅረቢያ ትዕዛዝ ወጥቶ እንደሆነ ግን ይጠይቁ። ካልወጣ ብዙውን ጊዜ በአዲስ ቀን ያልቃል። ያነጋገረዎትን ሰው ስምና የደወሉበትን ቀን ይጻፉ፤ ያሉትንም በደብዳቤ ወይም በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ በጽሑፍ ይድገሙት። በቃል ብቻ የተባለ ነገር ከመዝገብ ሲጠፋ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው።

ትዕዛዝ ከወጣ በአካል መቅረብ ግድ ነው። ማስረጃዎን ከነቅጂው ይዘው ይሂዱ።

የሚያስኬደውና የማያስኬደው

ቤት ቀይረው ደብዳቤው ካልደረሰዎት ጥሩ ምክንያት ነው፤ ግን በቃል አይበቃም። የገቡበት ቀን የሚታይበት የኪራይ ውል ወይም የመብራት ክፍያ ወረቀት ያቅርቡ። ሕመም ከሆነ የሐኪሙ ደብዳቤ «ታካሚዬ ነው» ብቻ ቢል ዋጋ የለውም፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን መቀመጥ ወይም መምጣት እንዳልቻሉ መናገር አለበት። አገር ቤት ሄደው ከነበረ ትኬቱ የተገዛበት ቀን መጥሪያው ከመድረሱ በፊት መሆኑን ማሳየት ይጠቅማል፤ የፓስፖርት ማህተምም አብሮ ይያያዝ። ለለቅሶ ከሆነ ከሟች ጋር ያለዎትን ዝምድና ይግለጹ፤ «ዘመድ ሞቶ» ከማለት «የእናቴ ወንድም» ማለት ይሻላል። የሞት ማስረጃ ወይም የቀብር ድርጅት ደብዳቤ ካለ ይጨመር።

ሕፃን የሚጠብቁ ከሆነ የስቴትዎን ሕግ ይመልከቱ። ቨርጂኒያ በፍርድ ቤት የሥራ ሰዓት የማያቋርጥ እንክብካቤ የሚፈልግ ዕድሜው 16 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ ኃላፊነት ያለበትን ሰውና የምታጠባ እናትን ሲጠይቁ ነፃ ታደርጋለች። ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑትም እንዲሁ።

«አለቃዬ አልፈቀደም» አይሠራም። ፌዴራል ሕግ በፌዴራል ፍርድ ቤት ለጁሪ የቀረበን ቋሚ ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ማባረርን ወይም ማስፈራራትን ይከለክላል፤ ቀጣሪው ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ታክሲ ወይም ትራክ የሚነዳ፣ ካልሠራ የማይበላ ሰው የገቢ ችግሩን በወረቀት ቢያሳይ ይሰማል፤ የሚያገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቀን ነው፣ ሙሉ ነፃነት አይደለም። «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ» የሚለውን ጠቅሶ መቅረትም አያስኬድም። እሱ ቀርበው፣ ጠበቆችና ዳኛ ጁሪ ሲመርጡ የሚናገሩት ነው። «ረሳሁት» ደግሞ ሰበብ ሳይሆን የእምነት ቃል ነው፤ ቢሆንም ከፈጠራ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ብዙ እጥፍ ይሻላል፤ ዳኛው ሌላ ቀን ሰጥቶ ሊሸኝዎት ይችላል።

ዜግነትና ቋንቋ

የጁሪ ስም ዝርዝር በብዙ ቦታ ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ስለሚወሰድ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መጥሪያ ይደርሰዋል። ሲቲዝን ያልሆነ በጁሪ መቀመጥ አይችልም፤ መልስ መስጠት ግን አለበት። ቅጹ ላይ ሲቲዝን አይደለሁም የሚለው ላይ ምልክት አድርገው፣ ፈርመው፣ ቅጂ አስቀርተው ይላኩት። «ይለፍ» ብሎ ሲቲዝን ነኝ ማለት ከጁሪ ቅጣት እጅግ የከፋ ነው፤ በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ሲቲዝን ሆነው ለማምለጥ «አይደለሁም» ማለትም በመሐላ መዋሸት ነው፤ በአንዳንድ ስቴቶች መልሱ ለምርጫ ቢሮ ተላልፎ ስምዎ ከመራጮች መዝገብ ሊሰረዝ ይችላል።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግርዎ ከሆነ እውነቱን ይጻፉ። ፌዴራል ሕግ ቅጹን ለመሙላት የሚበቃ ማንበብ፣ መጻፍና መረዳት፣ እንዲሁም መናገር ይጠይቃል። «ታዲያ ዜግነቱን እንዴት አገኙ?» ለሚል ጥያቄ ወላጆቻችን ጥሩ መልስ አላቸው፦ 50 ዓመት ሞልቷቸው 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቷቸው 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖሩ ሰዎች የዜግነት ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይችላሉ። ያንን መንገድ ከተጠቀሙ ይጥቀሱት። ኒው ሜክሲኮ ግን በቋንቋ ምክንያት ከጁሪ ማግለልን በሕገ መንግሥቷ ትከለክላለች፤ እዚያ በስቴቱ ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ ይመደባል።

የሚደወልልዎ «ፖሊስ»

«ጁሪ ቀርተዋል፣ የመያዣ ትዕዛዝ ወጥቶብዎታል፣ አሁኑኑ ከከፈሉ ይሰረዛል» የሚል ስልክ ማጭበርበሪያ ነው። ደዋዩ ስምዎንና አድራሻዎን ሊያውቅ፣ በስልኩ ላይም የሸሪፍ ቢሮ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ክፍያውን በጊፍት ካርድ፣ በቢትኮይን ወይም በዜል ይጠይቃል፤ እስኪከፈል ድረስም ስልኩ እንዳይዘጋ ያዛል። ፍርድ ቤት የጁሪ ቅጣት በስልክ አይሰበስብም። ስልኩን ዘግተው፣ እሱ የሰጠዎትን ቁጥር ትተው፣ መጥሪያው ላይ ወይም በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ባለው ቁጥር ይደውሉና ስምዎ እውነት በቀሪዎች ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ይጠይቁ። ገንዘቡ ቀድሞ ከተላከ ለባንክዎ ወይም ለካርዱ ኩባንያ በዚያው ሰዓት ያሳውቁ፤ ከዚያ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና ለአካባቢዎ ፖሊስ።