ከኮሮና ጊዜ የቀረውን የትምህርት ክፍተት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት መሙላት ይቻላል?

በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ያለ ልጅ፣ ሳይደግም ከመጣ፣ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ሲዘጉ 3ኛ ክፍል ነበር። 12ኛ ክፍል ያለው ደግሞ 6ኛ ክፍል ነበር። ያኔ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ይሰጥ ነበር። ስማርት ስልክና ዳታ ያለው ቤት ተከታተለ፤ የሌለው ቀረ። ከ8ኛ እና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ልጆቹ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛወሩ። ማካፈል፣ ክፍልፋይና አንብቦ መረዳት ሥር በሚሰዱበት ዕድሜ ነው ትምህርቱ የተቆረጠባቸው።

ስለዚህ ዛሬ መምህሩ «ልጆቹ አይገባቸውም» ሲል፣ ብዙ ጊዜ ያስቸገራቸው የ9ኛ ክፍሉ ትምህርት አይደለም። ከታች የጎደለ ነገር አለ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች ታስቦ የተጻፈ ነው። ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የመምህራን ስምምነት ግን የግድ ነው።

1. ማርክ የሌለው ፈተና ስጡ

ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይሁን። ሃያ ያህል ጥያቄዎችን ከ4ኛ እስከ 7ኛ ክፍል መጻሕፍት አውጡ። ለልጆቹ «ይሄ ሮስተር ላይ አይገባም» ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ማርክ ካለው ይኮራረጃሉ፤ ከተኮራረጁ ደግሞ ወረቀቱ ምንም አይነግራችሁም።

ምርጫ አታብዙ። ልጁ አሠራሩን ይጻፍ። ለምሳሌ 1/2 + 1/3 ስጡት። አንዱ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምሮ 2/5 ይላል። ሌላው ታህቶቹን ወደ 6 ቀይሮ፣ መጨረሻ ላይ ሲደምር ተሳስቶ 4/6 ይጽፋል። ሁለቱም ዜሮ ናቸው፤ ግን የመጀመሪያው ልጅ ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ገና አልያዘም፣ ሁለተኛው ተቻኩሎ ነው። መምህር ለሁለቱ አንድ ዓይነት ትምህርት ከሰጠ የአንዱን ጊዜ አባከነ ማለት ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከጥያቄዎቹ አራት አምስቱን በሁለት ቋንቋ አዘጋጁ፤ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ ልጁ በታችኛው ክፍል በተማረበት ቋንቋ። በዳርቻው አካባቢ በአማርኛ የተማረም በአፋን ኦሮሞ የተማረም ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። በራሱ ቋንቋ ሠርቶ በእንግሊዝኛ ከተሳሳተ፣ ሒሳቡን ያውቃል፤ የቸገረው ጥያቄውን ማንበብ ነው። እሱን ክፍልፋይ እንደገና ማስተማር አይጠቅመውም።

2. ውጤቱን በጥያቄ ለዩት

ብዙ ጊዜ የምናየው ማን ስንት እንዳመጣ ነው። እዚህ ግን የሚፈለገው የትኛው ጥያቄ ስንት ልጅ እንደጣለ ነው። በትልቅ ወረቀት ላይ ጥያቄዎቹን በአግድም፣ ተማሪዎቹን በቁልቁል ጻፉና ምልክት አድርጉ። ከክፍሉ ግማሽ በላይ የሳተው ነገር ለሁሉም ይሰጥ። ጥቂቶች ብቻ የሳቱት በትንሽ ቡድን ይታይ።

«የደካሞች ሴክሽን» ግን አታቋቁሙ። ልጆቹ አንድ ብሎክ የሚኖሩ፣ በአንድ ታክሲ የሚመላለሱ ናቸው። ስሙ ሰፈር ድረስ ይከተላቸዋል።

ጉልበታችሁንም 12ኛ ክፍል ላይ ብቻ አትጨርሱ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ 10ኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ናቸው። ሁሉንም በኮሮና ማሳበብ አይቻልም፤ ነገር ግን በመጨረሻው ዓመት ቱቶሪያል ብቻ የሚሞላ ጉድጓድ እንዳልሆነ ያሳያል። ከ9ኛ ጀምሩ።

3. ማካካሻውን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡ

የቅዳሜ ቱቶሪያል ወረቀት ላይ ያምራል። በዳርቻ ሰፈር ግን የታክሲ ሰልፉ፣ የትራንስፖርት ወጪውና የቤት ሥራው ልጁን ያስቀረዋል። በተለይ ሴቶቹን። ከትምህርት በኋላ ካደረጋችሁትም ይመሻል፤ ወላጅ ይሰጋል፣ ልክም ነው።

የሚሻለው ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች መውሰድ ነው፤ ያውም የጎደለው ነገር ከሚያስፈልግበት ምዕራፍ ትንሽ ቀደም ብሎ። የፊዚክስ መምህሯ ፍጥነትን ልታስተምር ነው እንበል። ልጆቹ ኪሎ ሜትር በሰዓትን ወደ ሜትር በሴኮንድ መቀየር አለባቸው፤ ማለትም በ1000 ማባዛት፣ በ3600 ማካፈል። በዚያው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ ማካፈልንና ማጣፋትን ከከለሰላት፣ የእሷ ትምህርት ሳይንገራገጭ ይሄዳል። ለዚህ የሁለቱ ዲፓርትመንቶች ኃላፊዎች በየሁለት ሳምንቱ ሻይ ቤት ቢቀመጡ ይበቃል።

«ታዲያ ምዕራፉ እንዴት ያልቃል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዲፓርትመንቱ ተሰብስቦ የተደጋገሙ መልመጃዎችን ይቀንስ። ይህ በአንድ መምህር ድፍረት የሚሆን አይደለም፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አውቆት በጽሑፍ ይቀመጥ።

4. ከርቀት ትምህርቱ የሠራውን አስቀሩ

ቴሌግራም ይቀጥል፤ ግን ቀለል ብሎ። ረጅም ቪዲዮ ዳታ ይበላል። የአምስት ደቂቃ ድምፅና የሰሌዳው ፎቶ ይበቃሉ። ስልኩ የአባት ወይም የእናት ስለሆነ ልጁ የሚያገኘው ወላጅ ከሥራ ሲገባ ነው። ስለዚህ የቤት ሥራ ማስረከቢያው ለነገ ጠዋት አይሁን፤ ሁለት ቀን ስጡት። ቁልፍ ስልክ ብቻ ላለው ቤት ያው ትምህርት በወረቀት ይባዛ። ግሩፑ ውስጥ ያልገባ ልጅ ማርክ አይቀነስበት።

5. ወላጅን አስረዱ

አጭር ስብሰባ፣ እሁድ ከሰዓት። «ልጅዎ ሰነፍ ነው» ሳይሆን «ይህ ይህ ቀርቶበታል፣ እኛ ይህን እናደርጋለን» በሏቸው። ማታ ግማሽ ሰዓት ስልኩን እንዲለቁለት ጠይቁ።

6. እንደገና ፈትኑ

ከሚድ ፈተና በፊት ያንኑ ፈተና ቁጥሮቹን ለውጣችሁ ስጡ። የተሻሻለውን ጥያቄ ከማካካሻው አውጡት። ንቅንቅ ያላለ ጥያቄ ካለ ያንኑ ማብራሪያ አትድገሙት፤ ክፍሉን ለ15 ደቂቃ ለሌላ መምህር ስጡና በሌላ መንገድ ያስተምረው።