«አምስት ዓመት አልሞላኝም» ብላችሁ ቤት ለምትቀመጡ

«ዲቪ ነን፤ አሜሪካ ከገባን አምስት ዓመት ስላልሞላን የመንግሥት ርዳታ ምንም አይገባችሁም አሉን።» ይህን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ እሰማዋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢም እሰማዋለሁ። ማን አላችሁ ስል መልሱ ያው ነው፤ ጎረቤት፣ የአክስት ልጅ፣ አብሮን የሚሠራ ሰው። የነገሯችሁ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ለልጆቻችሁ የሚገባውን ያስቀርባችኋል።

ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ሰው ስናፕ፣ ማለትም ፉድ ስታምፕ የምንለውን የምግብ መግዣ ርዳታ፣ ለማግኘት በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ ግን አይጠብቅም። እዚህ የተወለደውማ ዜጋ ነው። እናንተ ባይገባችሁም ለልጆቹ ማመልከት ትችላላችሁ። ቅጹ ላይ የእናንተም ገቢ ይጻፋል፤ ገንዘቡ የሚታሰበው ግን ለልጆቹ ብቻ ነው። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድም ቢሆን፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ በሕጋዊ መንገድ የገቡ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች፣ ገቢያቸው እስከፈቀደ ድረስ አምስት ዓመቱን አይጠብቁም።

ዊክ የሚባለው የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ርዳታ ደግሞ አምስት ዓመት የሚባል ነገር አያውቅም፤ የኢሚግሬሽን ወረቀትም ቅድመ ሁኔታው አይደለም። ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ፣ ለምታጠባ እናትና አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ የሕፃን ፎርሙላ ይሰጣል። «ባሌ ይሠራል፣ አይሰጡኝም» የምትሉ እህቶች፣ ቁጥሩን እዩት። በ2025 ለአራት ሰው ቤተሰብ የድህነት መስመሩ በዓመት 32,150 ዶላር ነበር። ዊክ እስከ 185 ፐርሰንቱ ድረስ ይቀበላል፤ ወደ 59,000 ዶላር ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ሌሊት እየሠራ አራት ሰው የሚያስተዳድር አባት በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው።

በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ለገባችሁ ነገሩ ሌላ ነው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ እስክትይዙ ድረስ ስናፕን ዘግቶባችኋል። ከዚያ በፊት የመጣ ዘመድ «እኔ በመጣሁ በወሩ ተሰጠኝ» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ ለእናንተ ግን አይሠራም። ግሪን ካርዱ ሲመጣ እንደገና አመልክቱ።

ከየት ልጀምር የሚል የርዳታ መረጃ ወደሚሰጠው ስልክ፣ 211፣ ይደውል። ነጻ ነው። ዚፕ ኮዳችሁን ጠይቀው የምግብ ባንክ፣ የቤት ኪራይ፣ የመብራት ርዳታ የት እንዳለ ይነግሯችኋል። የማመልከቻው ድረ ገጽ በሜሪላንድ ሜሪላንድ ቤኔፊትስ (ቀድሞ ማይ ኤምዲ ቲንክ የነበረው)፣ በቨርጂኒያ ኮመን ሄልፕ፣ በዲሲ ዲስትሪክት ዳይሬክት ይባላል። ሁሉም ነጻ ነው። ቅጽ እሞላለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ሰው ተዉት። ቢሮ ስትሄዱ ደግሞ «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ ዲሲ እንዲያውም ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት። የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ የወላጁን ገቢና በሽታ ማስተርጎም ይቅር። ለልጁም ከባድ ነው፣ ስህተትም ያመጣል።

አሁን እኔን ወዳቃጠለኝ ልምጣ። በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት ሆዴን አሞኝ በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገባሁ። ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ከወጣሁ በኋላ ፖስታዎች መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ከሆስፒታሉ፣ አንዱ ከሐኪሞቹ፣ አንዱ ራጅ ካነበበው ድርጅት። ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ገቢዬን አልጠየቀችም። ቅጽ አለ አላለችም። ግማሹን በክሬዲት ካርድ እንድከፍል ስትመክረኝ ከፈልኩ። ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ያገሬ ልጅ ቢሉን ገልብጣ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አሳየችኝ። ፋይናንሻል አሲስታንስ፣ ማለትም አቅም ለሌለው የክፍያ ርዳታ፣ ይላል። ጊዜው ግን አልፎ ነበር።

ስለዚህ አጥብቄ የምለው ይኸው ነው። ለትርፍ ያልተቋቋመ ሆስፒታል ሁሉ፣ አብዛኞቹም እንደዚያ ናቸው፣ አቅም ለሌለው ሰው ቅናሽ ወይም ነጻ ሕክምና የሚሰጥበት የተጻፈ ደንብ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከ ጀምሮ 240 ቀን የማመልከቻ ጊዜ አላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አመልክታችሁ ከተፈቀደላችሁ፣ አስቀድማችሁ የከፈላችሁትን ትርፍ ሆስፒታሉ ለእናንተ መመለስ አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ ገቢው ከድህነት መስመሩ እጥፍ የማይበልጥ ሰው አስፈላጊ ሕክምና በነጻ ይገባዋል። እናም ስትደውሉ ስለ ወርሃዊ ክፍያ ከመነጋገራችሁ በፊት «ፋይናንሻል አሲስታንስ ማመልከቻ ላኩልኝ» በሉ። ቅጹ ተሞልቶ መልስ እስኪመጣ በክሬዲት ካርድ ምንም አትክፈሉ። አንዴ በካርድ ከተከፈለ ዕዳው የባንክ ሆነ፤ ወለድ ይቆጥራል፤ ባንክ ደግሞ የበጎ አድራጎት ቅጽ የለውም። ሐኪሞቹ ለብቻ ቢል የሚልኩ ከሆነም ደንቡ እነሱንም ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ስም ዝርዝሩ እንዲታወቅ ሕጉ ያዛል።

«ርዳታ ከወሰድኩ ዜግነት ይከለክለኛል» የሚለውንም ልመልስ። ለዜግነት ስታመለክቱ የሚያስጠይቃችሁ ፉድ ስታምፕ መቀበል አይደለም። የሚያስጠይቃችሁ ውሸት ነው። አብሯችሁ የሚኖር ባል ወይም ሚስት የለም ብሎ መጻፍ፣ በእጅ የሚከፈል ደሞዝ መደበቅ። በዚህ የሚቀልዱ ሰዎች አያለሁ፤ በጣም ያናድደኛል። በእነሱ ምክንያት በሐቅ የጻፈው ቤተሰብ ሁሉ ይመረመራል።

ፖስታ ክፈቱ። ግማሹ ችግራችን ያልተከፈተ ፖስታ ነው። ስናፕም ሜዲኬይድም በየጊዜው ይታደሳል፤ ማሳሰቢያው የሚመጣው በደብዳቤ ነው። አድራሻ ከቀየራችሁ በዚያው ሳምንት አሳውቁ። ውድቅ ተደርጓል የሚል ደብዳቤ ቢመጣም ምክንያቱን አንብቡ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ የደሞዝ ወረቀት ነው። ልክ አይደለም ካላችሁ ስናፕ ላይ ይግባኝ ለመጠየቅ 90 ቀን አላችሁ።

የስናፕ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት። ቤት ውስጥ ገንዘብ ጨርሶ ለሌለው በ7 ቀን የሚሰጥበት መንገድ ስላለ እሱንም ጠይቁ። ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው በስልክ ነው፤ የሚደወለውም ከማታውቁት ቁጥር ነው። በእነዚያ ቀናት የሚመጣውን ስልክ ሁሉ አንሱ፤ ሥራ ላይ ከሆናችሁም አለቃችሁን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ካመለጣችሁ እንደገና እስኪደውሉ አትጠብቁ። 30 ቀኑ ሳያልቅ ቢሮው ደውላችሁ ሌላ ቀጠሮ አስያዙ፤ ያናገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ።