ጫጩት ከቅርፊቱ መውጣት ሲያቅተው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የዶሮ እንቁላል መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ከገባ በ21ኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላል። በዚያ ቀን አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ሸንቁሮ ለሰዓታት ፀጥ ያለ ጫጩት እያየ እጁን መሰብሰብ የሚከብደው አርቢ አዛኝ ሰው ነው፤ ጊዜውን ሳይጠብቅ የመጣ ርዳታ ግን ደህና የነበረውን ጫጩት ሊገድል ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ዝምታውን እንደ ድካም መቁጠር ነው። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከመንካቱ በፊት በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ ወደሚገኘው የአየር ክፍል የሚያስገባውን ስስ ሽፋን ይበሳል፤ በሳንባው መተንፈስ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ቅርፊቱን ከሸነቆረ በኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። በእነዚህ ሰዓታት በቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ተዘርግተው ኦክስጅን ሲያቀብሉት በቆዩት የደም ስሮች ውስጥ ያለው ደም ወደ ሰውነቱ ይመለሳል፣ የተረፈው አስኳልም በእምብርቱ በኩል ወደ ሆዱ ይገባል። ይህ ሳይፈጸም ቅርፊቱን የላጠ ሰው ወይ የደም ስር በጥሶ ጫጩቱን ደም ያፈሰዋል፣ ወይም አስኳሉ ከሆዱ ውጭ ተንጠልጥሎ የቀረና ለበሽታ የተጋለጠ ጫጩት ያወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ የታየችበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ሌሊቱን ሲመላለስ ያደረ ሰው ያለፈውን ሰዓት በግምት ሲናገር አብዝቶ ሊናገር ይችላልና።

ሁለተኛው ስህተት የማሽኑን ክዳን ደጋግሞ መክፈት ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት በማሽኑ ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ መሆን ሲገባው፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር በቅጽበት ይወርዳል። ያን ጊዜ ቅርፊታቸውን የሸነቆሩት ጫጩቶች ሽፋን ይደርቅና ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ እንዳይዞሩ አስሮ ይይዛቸዋል፤ አንዱን ለማገዝ የተከፈተው ክዳን ሌሎቹን ርዳታ ፈላጊ ያደርጋቸዋል ማለት ነው። በበጋ ወራት አየሩ በሚደርቅባቸው ደጋማ አካባቢዎቻችን ይህ ጉዳት ይበልጥ ይፈጥናል። የታቀፈች ዶሮም በፍልፈላው ሰዓት ከእንቁላሎቿ ላይ እምብዛም አትነሣም፤ እርሷንም ብድግ እያደረጉ መመልከት ያው ስህተት ነው። መብራት ከጠፋ ማሽኑን ሳይከፍቱ በብርድ ልብስ ይሸፍኑት፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ግን አይድፈኑ።

እንግዲህ ማገዝ የሚገባው መቼ ነው? ቅርፊቱ ከተሸነቆረ ከ24 ሰዓት በላይ አልፎ ምንም ለውጥ ካልታየ፣ ነጭ የነበረው ሽፋን ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከደረቀ፣ ወይም ጫጩቱ ቅርፊቱን ዙሪያውን መሰንጠቅ ጀምሮ ለብዙ ሰዓታት ካቆመ ነው። በቀጭኑ ጫፍ የሸነቆረ ጫጩት ግን የአየር ክፍል በሌለበት በኩል ስለሆነ ይበልጥ አስጊ ነው፤ ለእርሱ መተንፈሻ ያህል ቀዳዳውን በጥንቃቄ ሰፋ አድርጎ እንደገና መጠበቅ ይበቃል።

ሦስተኛው ስህተት ጊዜው ሲደርስ ሁሉንም በአንዴ መላጥ ነው። እጅዎንና ወረንጦውን በደንብ አጽድተው፣ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ፣ በአየር ክፍሉ በኩል ያለውን ቅርፊት ብቻ በትንንሹ ያንሱ፤ ሽፋኑን አይንኩት። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ሽፋኑን ያርጥቡት፣ ውሃው ግን ወደ አፍንጫው ቀዳዳዎች እንዳይደርስ። ሽፋኑ ሲርስ የደም ስሮቹ ጎልተው ይታያሉ። ቀይ ክር የመሰለ ነገር ካዩ ወዲያውኑ ያቁሙ፣ እንቁላሉን ወደ ማሽኑ ይመልሱና ጥቂት ሰዓታት ይጠብቁ። ደም ከፈሰሰ ቦታውን በንጹሕ ጥጥ በቀስታ ይጫኑ። ደም የያዘ ስር ከሌለ ጫጩቱ የጀመረውን ስንጥቅ ተከትለው ከላይ ያለውን የቅርፊት ክፍል ብቻ ያንሱ፤ እምብርቱ ያለበትን የታችኛውን ግማሽ ግን ራሱ ገፍቶ እንዲወጣበት ይተዉለት።

ውሃ በምንቃሩ ማንጠባጠብም አይገባም፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከወጣ በኋላ እምብርቱ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ቢኖር አይጎትቱት፤ ደርቆ ራሱ ይወድቃል። ለመመገብም መቸኮል አያስፈልግም፣ ወደ ሆዱ የገባው አስኳል ለሁለት እስከ ሦስት ቀን ያቆየዋልና ላባው እስኪደርቅ በማሽኑ ውስጥ ይቆይ። በሚገባ ታግዞም የሚሞት ጫጩት አለ፤ ከመጀመሪያው የአካል ጉድለት የነበረበት ሊሆን ስለሚችል አርቢው ራሱን መውቀስ የለበትም ብዬ አምናለሁ።

በአንድ ዙር ብዙ ጫጩቶች ከተቸገሩ ግን ምክንያቱን በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ውስጥ ይፈልጉ። ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ እርጥበቱ ከ50 እስከ 55 በመቶ መሆኑን፣ እንቁላሎቹም ቀጭን ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ አለመቀመጣቸውን ያረጋግጡ። የወጥ ቤት ሚዛን ካለዎት ደግሞ ጥቂት እንቁላሎችን ምልክት አድርገው ይመዝኑ፤ ሲገባ 50 ግራም የነበረ እንቁላል በ18ኛው ቀን 44 ግራም ገደማ ሊሆን ይገባል። ከዚያ እጅግ ከቀለለ ማሽኑ ደርቋል፣ እጅግ ከከበደ ደግሞ እርጥበቱ በዝቷልና ለሚቀጥለው ዙር ውሃውን በዚያው ልክ ያስተካክሉ።