ሬዚስተር ስትመርጡ ዋቱንም አስሉ
ለኤልኢዲ (ለትንሿ መብራት) ከረንቱን የሚገድብ ሬዚስተር ስትፈልጉ ኦሙን (የተቃውሞውን መጠን) አግኝታችሁ ብቻ አትቁሙ። ቮልቴጁን ለከረንቱ ስታካፍሉ ኦሙ፣ ሁለቱን ስታባዙ ደግሞ ዋቱ (ሬዚስተሩ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ኃይል) ይወጣል፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ብዙ ሰው የሚስተው የትኛውን ቮልቴጅ እንደሚያስገባ ነው፦ የባትሪውን ሳይሆን በሬዚስተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ነው።

ባትሪው 12 ቮልት ሆኖ ቀዩ ኤልኢዲ 2 ቮልት ከወሰደ፣ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው 10 ቮልት ነው። 20 ሚሊአምፔር እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ወደ አምፔር ቀይሩት፦ 0.02። (ይህቺን ከዘለላችሁ መልሱ በ1000 እጥፍ ይዛባል።) 10 ለ0.02 ሲካፈል 500 ኦም፣ 10 በ0.02 ሲባዛ 0.2 ዋት። ልክ 500 ኦም የሆነ በተለመዱት መጠኖች ውስጥ ስለማይገኝ ከፍ አድርጋችሁ 510 ወይም 560 ውሰዱ። ባለ ሩብ ዋቷ ሬዚስተር በስሌቱ ትበቃለች፣ ግን ትግላለች፤ እኔ ብሆን ባለ ግማሽ ዋቱን ነው የምሰካው።

ባለ ክር አምፖል ላይ ግን ስሌቱና መልቲሜትሩ (የኦም መለኪያው) ባይገጥሙ አትደናገጡ። የ220 ቮልት፣ 100 ዋት አምፖል ሲበራ 484 ኦም ገደማ ነው። ጠፍቶና ቀዝቅዞ ስትለኩት በጣም ያነሰ ያሳያል፤ የክሩ ተቃውሞ የሚጨምረው ሲግል ነው።