የፈረንሳይኛ የኤሌክትሪክ ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፦ ባሕር ዳር ላለ ተርጓሚና ኤሌክትሪሻን

በጅቡቲ በኩል የገባ ያገለገለ ጄኔሬተር ወይም የፓምፕ ፓናል ባሕር ዳር ሲራገፍ፣ ማኑዋሉም በሩ ላይ የተለጠፈውም ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ሆኖ ይገኛል። ከፖሊ ቴክኒክ የወጣው ኤሌክትሪሻን ሙያውን የተማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰነዱ የሚመለሰው ወደ እንግሊዝኛ ነው። ሥራው ፈረንሳይኛ ለሚችል ሰው ይሰጣል። ይህ ሰው የማያውቀውን ቃል ፈልጎ ያገኘዋል፤ ጉድ የሚሠራው እንግሊዝኛ የሚመስለው ቃል ነው።

ወረቀቱን ብቻ ተቀብላችሁ አትጀምሩ። የሞተሩን ኔምፕሌት (ቮልቴጁና ኃይሉ የተጻፈበትን ሰሌዳ)፣ የፓናሉን በርና የተርሚናሎቹን ቁጥር በስልክ አንሡ፤ የሽቦ ሥዕሉን ጠይቁ። ከዚያ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጁ፦ ፈረንሳይኛው፣ እንግሊዝኛው፣ ከየት እንደተገኘ፣ ሥዕሉ ላይ የት እንዳለ። እንደ ኬኤም1 እና ኪው1 ያሉ የዕቃ መለያዎችን እንዳሉ ተዉአቸው። ኬኤም ፈረንሳዮች ለዋና ኮንታክተር (ሞተሩን ለሚያበራና ለሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) የሚሰጡት መለያ ነው፤ እሱን ለማሳመር የነካ ሰው ሥዕሉንና ፓናሉን ያለያያል።

ምንጩን በተመለከተ ከተራ መዝገበ ቃላት በፊት ኤሌክትሮፒዲያን ክፈቱ። የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒካል ኮሚሽን (አይኢሲ፣ በፈረንሳይኛ ሲኢአይ) በነፃ ያቀረበው መዝገብ ነው፤ ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ከነትርጓሜያቸው አሉ። ክፍል 195 ስለ ኧርዝ (ከመሬት ጋር ማያያዝ)፣ ክፍል 411 ስለ ሞተርና ጄኔሬተር፣ ክፍል 441 ስለ ብሬከርና ኮንታክተር፣ ክፍል 826 ስለ ሕንፃ መስመር ዝርጋታ ነው። በሦስተኛው ዓምድ የቃሉን ቁጥር ጻፉ፤ ነገ ክርክር ቢነሣ ቁጥሩ ይመልሳል።

ቀድመው መመለስ ያለባቸው ሕይወት የሚያጠፉት ናቸው። «ታንሲዮን» ቮልቴጅ ነው። «ሱ ታንሲዮን» ማለት ኃይል አለበት፣ በእንግሊዝኛ ላይቭ ወይም ኢነርጃይዝድ፤ «ኦር ታንሲዮን» ማለት ኃይሉ ተቋርጧል፣ ዲኢነርጃይዝድ። በአንድ ትንሽ ቃል ነው የሚለያዩት፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን ሁልጊዜ ሁለት ሰው ይያቸው። «ኮንሲኛሲዮን» ደግሞ ሎክአውት ነው፦ ብሬከሩን ማጥፋት፣ በቁልፍ መቆለፍ፣ ማስጠንቀቂያ መስቀል፣ ቮልቴጅ አለመኖሩን በቴስተር ማረጋገጥ። ኢንስትራክሽን ተብሎ ከተመለሰ ሠራተኛው አንብቦ ያልፈዋል እንጂ ቁልፍ አያመጣም። ወንድሙ «ኮንሲኝ» በደህንነት ገጽ ላይ በእርግጥም መመሪያ ነው፤ በማስተካከያ ገጽ ላይ ግን ሴትፖይንት (የሚሞላ የማስተካከያ ቁጥር) ይሆናል፣ ለምሳሌ ፓምፑ የሚቆምበት ግፊት።

«ኮንትሮል» ሲል ፍተሻ ወይም ክትትል ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው ኮንትሮል የሚለውን ፈረንሳዩ «ኮማንድ» ይለዋል፤ «ሲርኩዊ ደ ኮማንድ» ኮንትሮል ሰርኪዩት ነው። ከቀይ አምፖሉ ሥር «ዴፎ» ካለ ፎልት ነው፤ «ፓር ዴፎ» ሲሆን ብቻ ነው ዲፎልት የሚሆነው። «ራንድማን» ኤፊሸንሲ፣ «ሴክተር» የመብራት ኃይል መስመር፣ «ኩፕል» ቶርክ፣ «ኦንዱለር» እንደ ቦታው ኢንቨርተር ወይም ዩፒኤስ።

ኮንታክት ላይ ረጋ በሉ። ፈረንሳይኛው «ኮንታክት አ ፌርመቱር» ሲል ቃል በቃል የመዝጋት ኮንታክት ማለት ነው፤ ሲነካ የሚዘጋ፣ ስለዚህም ሳይነካ ክፍት የሆነ፣ ኖርማሊ ኦፕን። «ኮንታክት አ ኡቨርቱር» ተቃራኒው፣ ኖርማሊ ክሎዝድ ነው። ምህጻረ ቃሉም ያደናግራል፤ እንግሊዝኛው ኤንሲ የሚለውን ፈረንሳይኛው ኤንኤፍ ይለዋል፣ ኤንኤፍ ደግሞ የፈረንሳይ ስታንዳርድ ማኅተምም ነው። ማረጋገጫው ተርሚናሉ ላይ አለ፦ ረዳት ኮንታክት በ3 እና በ4 ካለቀ (13–14) ኖርማሊ ኦፕን፣ በ1 እና በ2 ካለቀ (21–22) ኖርማሊ ክሎዝድ። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን በሚያስቆመው ኦቨርሎድ ሪሌ ላይ 95–96 ኖርማሊ ክሎዝድ፣ 97–98 ኖርማሊ ኦፕን። ጽሑፉና ቁጥሩ ከተጣሉ ቁጥሩን እመኑ፤ በተረፈ ሚተር አስገብቶ መለካት ነው።

ይህ ሲገለበጥ የሚሆነውን በጣና ዳር የመስኖ ፓምፕ ላይ እንየው። ውኃ ሲጎድል ሞተሩን የሚያቆመው ተንሳፋፊ ስዊች በተገለበጠው ትርጉም ከተያያዘ፣ ውኃ ሞልቶ እያለ ፓምፑ አይነሣም። ገበሬው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሠራተኛው ጥፋቱ ስዊቹ ነው ብሎ በሽቦ ጃምፐር ያደርገዋል፣ ማለትም ስዊቹን አልፎ ያገናኘዋል፤ ፓምፑ ይነሣል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ሐይቁ ከክረምቱ በፊት ዝቅ ሲልና የመሳቢያው ቱቦ አየር ሲስብ የሚያቆመው ነገር የለም። ፓምፑ በደረቁ ዞሮ መጀመሪያ ውኃ እንዳያፈስ የሚዘጋውን «ሲል» ያቃጥላል። ያኔ ተርጓሚውን የሚያስታውስ የለም።

ኔምፕሌቱ ላይ ነጠላ ሰረዝ የአሥርዮሽ ነጥብ ነው፤ 7,5 ኪሎዋት ሰባት ተኩል እንጂ ሰባ አምስት አይደለም። «ቱር» በደቂቃ አርፒኤም ነው። የፈረንሳዩ የፈረስ ጉልበት 736 ዋት ገደማ፣ የእንግሊዙ 746 ዋት ስለሆነ ሁለቱንም ትታችሁ በኪሎዋት ጻፉ። «ኤትዋል» ስታር፣ «ትሪያንግል» ዴልታ ነው፤ የሞተሩ ጥቅልሎች የሚታሰሩባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። 230/400 ቮልት የሚል ሞተር በእኛ 380 ቮልት ላይ በስታር ብቻ ይታሰራል፤ በዴልታ ከታሰረ ይቃጠላል፣ የስታር–ዴልታ ማስነሻም አይሆነውም። 400/690 የሚለው ግን በዴልታ ይሠራል፣ በስታር–ዴልታም ይነሣል።

«አሽ ቴ አ» ቃሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ቢልም ከ1,000 እስከ 50,000 ቮልት ያለውን ስለሚይዝ በእንግሊዝኛ ሚዲየም ቮልቴጅ ነው፤ የእኛ 15 እና 33 ኪሎቮልት መስመሮች እዚህ ይገባሉ። «ዲስዦንክተር» ሰርኪዩት ብሬከር፣ «ሴክሲዮነር» ዲስኮኔክተር ነው። ዲስኮኔክተር ጭነት ላይ እያለ አይከፈትም፤ ሁለቱንም ስዊች ብሎ ማለፍ አርክ (የኤሌክትሪክ እሳት) መጋበዝ ነው።

ኧርዝ ላይ ሦስት ቃል ይበቃል። «ፕሪዝ ደ ቴር» የተቀበረው ዘንግ፣ ኧርዝ ኤሌክትሮድ ነው፤ ሶኬት አይደለም። «ማስ» የዕቃው ብረት አካል ነው። «ረዢም ደ ኖትር» የኧርዚንግ ሲስተሙ ዓይነት ነው፤ ቲቲ፣ ቲኤን፣ አይቲ የሚሉት ፊደሎች ራሳቸው ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸውና አትንኳቸው። ሥዕሉ ላይ ግን ቲቲ የቮልቴጅ ትራንስፎርመርም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቪቲ ብላችሁ መልሱት። የ30 ሚሊአምፔር «ዲፌራንሲዬል» አርሲዲ (ኮረንት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ) ነው። በአሜሪካኖቹ ጂኤፍሲአይ አትተኩት፣ እሱ የሚቆርጠው በ4 እስከ 6 ሚሊአምፔር ነው። ኧርዝ ብላችሁ ከጀመራችሁም መሐል ላይ ግራውንድ አትበሉ።

ሲያልቅ መልሶ ወደ ፈረንሳይኛ ማስተርጎም ብዙ አይጠቅምም። እንግሊዝኛውን ብቻ ለኤሌክትሪሻን ሰጥታችሁ ኮንትሮል ሰርኪዩቱን በእጁ እንዲሥል አድርጉ፣ ከዋናው ሥዕል ጋር አስተያዩ። የተለያየው መስመር የተሳሳተውን ቃል ያሳያል። የበሩን ጽሑፍ ስትቀይሩ ፈረንሳይኛውን አትላጡ፤ መለዋወጫ የሚታዘዘው በእሱ ነው። እንግሊዝኛውን ከሥሩ ለጥፉ፣ ሐይቅ ዳር ላለ ፓናል ደግሞ ወረቀት ሳይሆን የተቀረጸ ፕላስቲክ ይሁን።